«ኮከብ ጨምርበት» ላልከኝ

«አፑ በአማርኛ ይፈልጋል፤ ኤስኪውላይት በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ኤፍቲኤስ 5 የሚሉት የጽሑፍ መፈለጊያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ተሠርቶ ያለቀለት ነገር ነው» አልከኝ፣ ወንድሜ። ለማን ነው ያለቀለት? «ቤት» ብዬ ጻፍኩ፤ «ከቤት» አልመጣም፣ «የቤት» አልመጣም፣ «ቤቴ»ም አልመጣም።

«መጨረሻው ላይ ኮከብ (*) ጨምርበት» አልከኝ። ኮከብህ የሚያውቀው ጭራ መልቀቅ ብቻ ነው። የአማርኛ ቃል ደግሞ በ፣ ከ፣ ለ፣ የ፣ ስለ፣ እንደ ከፊቱ አስቀድሞ ነው የሚሄደው። ጭራውንስ ቢሆን መቼ ያዘው? «ቤትህ»ንና «ቤትን» ያመጣል፤ «ቤቱ» ላይ ሲደርስ ግን ት ቱ ሆናለች፤ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ናት። «ቤቶች»ም በዚያው ቀረ።

«እንግዲያው ትራይግራም» አልከኝ። ዘዴውን አልነቅፈውም፤ ሦስት ሦስት ፊደል እየቆረጠ ስለሚመዘግብ ከቃል መሀልም ያገኛል። ከሦስት ፊደል ያነሰ ጥያቄ ሲመጣለት ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። እኛ ዘንድ ሰው ሁለት ፊደል ነው፣ ልጅ ሁለት፣ ውሃ ሁለት፣ ሕግ ሁለት፣ ቤትም ሁለት። ሰው፣ ልጅ፣ ውሃና ሕግ የማይገኝበት ፍለጋ ምኑን ፍለጋ ሆነ?

«ተጠቃሚው አስተካክሎ ይጻፍ» አልከኝ። ይህን ጨርሶ አልቀበልም። ፀሐይን አንዱ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ፣ ሌላዋ በሃሌታው ሀ ትጽፋለች፤ ሁሉም ያዩት ያችኑ ፀሐይ ነው። ቃላቱን የሚለያየው ቶክናይዘር ለፈረንሳይኛ ከፊደል አናት ላይ ምልክቱን አንስቶ ሁለቱን አጻጻፍ አንድ ያደርጋል፤ ለእኛ ሞክሼ ፊደላት ግን ምንም አያደርግም። ፖርተር የሚሉት የቃል ቅጥያ ነቃይም ለእንግሊዝኛ ብቻ የተሠራ ነው። የመሣሪያውን ጉድለት በጸሐፊው ላይ አትጫን።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልከኝ። አሁን ተግባባን። ኤፍቲኤስ 5 የራስህን ቶክናይዘር በሲ ቋንቋ ጽፈህ እንድትሰጠው ይፈቅዳል። ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መልስ፤ ሲመዘገብም ሲጠየቅም እኩል ይሁን። ከፊት ያለውን በ እና ከ ስትነቅል ግን ሙሉውን ቃልም አብረህ መዝግብ፤ አለዚያ «ከተማ»ን «ተማ»፣ «በሬ»ን «ሬ» ታደርጋለህ። በአንድ ቦታ ሁለት መልክ ማስቀመጥ ይቻላል። ለአንባቢ የሚታየው ጽሑፍ እንደ ተጻፈ ይቆያል፤ የሚለወጠው ማውጫው ብቻ ነው። ይህን ሳትሠራ አፑን ለሕዝብ አትልቀቅ።