ያለ ኬሚካል ጓሮን የማውደም ጥበብ

ማላታይን ረጭቶ ጎመን ማበላሸት ማንም የሚችለው ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን አለማንበብ፣ በእጥፍ መበጥበጥ፣ ጠዋት የተረጨውን ቆስጣ ለምሳ መቁረጥ ብቻ ይበቃል። ችሎታ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «እኛ ቤት ኬሚካል የሚባል ነገር አይገባም» እያሉ፣ የፀረ ተባይ ሱቅ ደጃፍ ሳይረግጡ፣ በወጥ ቤትና በመታጠቢያ ቤት ዕቃ ብቻ አፈሩን፣ ቅጠሉንና የቤቱን ሰው ባንድነት መጉዳት። በአዲስ አበባ ግቢዎች ይህን ጥበብ የተካነ ባለሙያ አይጠፋምና ጀማሪዎችም ከኋላ እንዳይቀሩ አካሄዱን ማወቅ ይገባቸዋል።

ሥራው ከአፈሩ ይጀምራል። ጥቁሩ መረሬ ሐምሌ ላይ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ባለሙያው ቦት ጫማውን አጥልቆ መሐሉ ይገባል፤ ይቆፍራል፣ ይረግጣል፣ ያቦካል። አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል። ጥቅምት ሲደርስ ዶማ የሚመልስ መሬት ይገኛል። ጠፈፍ እስኪል መጠበቅ የፈሪዎች ነገር ነው።

ቀጥሎ ፍግ ያስፈልጋል፤ የበሰበሰ ግን አይደለም። ከዶሮ ቤት የወጣ ትኩስ ኩስ ችግኙ ሥር ሲከመር የሚለቀው አሞኒያ ሥሩን በጥቂት ቀናት ያቃጥለዋል። ትኩስ አዛባ ደግሞ በጥሬው የሚበላ ሰላጣ ላይ ቢደረግ ይመረጣል፤ የያዘው ጀርም እስከ ገበታው ይዘልቃል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ያልበሰበሰ ፍግ፣ የሚበላው ክፍሉ አፈር በሚነካ አትክልት ላይ ከሆነ፣ ከመልቀሙ 120 ቀን አስቀድሞ አፈር ውስጥ እንዲገባ ያዛል። አራት ወር! በዚያን ጊዜ ባለሙያው ሰላጣውን ዘርቶ፣ በልቶ፣ ሐኪም ቤት ደርሶ ተመልሷል።

ኮምፖስትን በጥርጣሬ ያየዋል፤ ምክንያትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር በጀመሩት ሥራ፣ ኮምፖስት የገባባቸው ማሳዎች በብዙ የሰብል ዓይነት ዳፕና ዩሪያ ከተጨመረባቸው የማያንስ፣ አንዳንዴም የበለጠ ምርት ሰጥተዋል። ገበሬዎቹም የኮምፖስቱ ጉልበት ለተከታዩ ዓመት እንደሚተርፍ ተናግረዋል። እንዲህ ያለ ነገር ጓሮ ድረስ እንዳይመጣ ክምሩን ከመሠረቱ ማበላሸት ያሻል። ደረቅ ቅጠልና ገለባ አይገባበትም፤ የወጥ ትራፊ፣ አጥንትና ዘይት ብቻ ይደራረባል፤ ማገላበጥም የለም። አየር ያጣው ክምር ይሸታል፣ የሰፈሩ አይጥ ይሰበሰብበታል፣ ጎረቤት ወረዳ ሄዶ ይከሳል። ደንበኛ ክምር ከውስጥ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ግሎ፣ ለቀናት በዚያው ሲቆይ የአረሙን ዘርና አብዛኛውን ጀርም ይገድላል። የባለሙያው ክምር ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ለአረም የሚራራ ሰው ነው። በየቀኑ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሚፈላበት ቤትም አንዲት ማንኪያ የቡና አተላ ወደ ጓሮ እንዳታልፍ ይጠነቀቃል። ሁሉም ወደ ቱቦ።

ማንነቱ በደንብ የሚለየው ግን ጎመኑ ላይ ክሽክሽ የታየ ዕለት ነው።

ክሽክሽ ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ እንቁላል መጣል ሳያስፈልጋት ነፍስ ያለው ልጅ ታወጣለች፤ ልጆቿም አየሩ ከተመቻቸው በሳምንት ገደማ እነሱም ይወልዳሉ። ከልክ ያለፈ ናይትሮጅን ያገኘ ለምለም ቅጠል ደግሞ ይስባታል። ያ ሁሉ የዶሮ ኩስ በከንቱ አልፈሰሰም ማለት ነው። እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጦ፣ ማለዳ፣ የቅጠሉን ጀርባ ይረጫል፤ ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፣ ሲደርቅም ኃይል የለውም። ባለሙያው የልብስ ዱቄት ሳሙና በእፍኙ ይዘግናል፤ ሰዓቱ ቀትር ይሁንለት። ቅጠሉን የሚጠብቀው ሰም ይላጥና ፀሐዩ የቀረውን ይጨርሳል። ይህም አላረካው እንደሆነ በረኪና ይጨምራል። በረኪናው ላይ አቼቶ ያከለ እንደሆነ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ወታደር የተፈጀበት ጋዝ ነው። በጎመን ላይ እንዲህ የዘመተ ሰው «ኬሚካል አልጠቀምም» ሲል ፊቱ ቅጭም አይልም።

በዚህ ዘመቻ መጀመሪያ የሚያልቁት ክሽክሾቹ አይደሉም። ክሽክሽ ልትበላ የመጣችው ነጠብጣባም ቀይ ጥንዚዛ ትሞታለች። እጯ ጠቆር ያለች፣ መልከ ጥፉ ስለሆነች ባለሙያው ዋናዋ ተባይ እሷ ትመስለውና ለይቶ በጣቱ ይጨፈልቃታል። እስስቱንም በዱላ ያባርራል። ከዚያ በኋላ ከጥፋቱ የተረፉት ጥቂት ክሽክሾች ከልካይ የሌለው ጎመን ያገኛሉ። ባላጋራ ቶሎ አይተካም፤ እነሱ ግን ይተካሉ።

ሳሙናው ካልበቃ ትምባሆ አለ። ከተክል የተገኘ ስለሆነ «ተፈጥሯዊ» ነው። በእርግጥም ኒኮቲን ተባይ ይገድላል፤ ሰውንም በቆዳው ዘልቆ ይመርዛል። አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻው የኒኮቲን ፀረ ተባይ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ተሰርዟል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ቅጠሉ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ካለበት በእጅ ንክኪ ወደ ቲማቲምና ቃሪያ ይጋባል። ፍጹም የሆነው ባለሙያ የቀረውን የትምባሆ ውሃ በሃይላንድ ያደርግና፣ ምንም ሳይጽፍበት፣ ልጆች ውሃ የሚያነሱበት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል።

ለአረሙ ጨው ይነሰንሳል። አረሙ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ መሬት ካሮትም አይበቅል። አመዱንም ጥቂት ቢያደርግ ፖታሲየም ይሰጠው ነበር፤ እሱ ግን ከከሰል ምድጃው የወጣውን በየሳምንቱ አንዲት መደብ ላይ ይደፋና አፈሩ ተክሎች ምግባቸውን መሳብ እስኪያቅታቸው አልካላይን ይሆንለታል።

ግቢው አቃቂ ወንዝ ዳር የሆነ ሰው ከዚህ ሁሉ ድካም ይገላገላል። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ በሚገባበት በዚያ ወንዝ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ ተመራማሪዎች ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። አንድ ጀሪካን መቅዳት ነው፤ ከሱቅ ምንም ሳይገዛ ክሮሚየሙም እርሳሱም ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ለእንግዳ ሲያቀርብም «የራሴ ጓሮ ነው፣ ኦርጋኒክ» ይላል።

እንዲህ ያለ ሙያ የማይሆነው አንባቢ ጎመኑ ላይ ክሽክሽ ሲያይ በመጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጦ በውሃ ይጠበው። ካልለቀቀ በአንድ ሊትር ውሃ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ አንድ ቅጠል ላይ ይሞክርና፣ ቅጠሉ ደህና ከዋለ የቀረውን ማለዳ ይርጭ። ያችን መልከ ጥፉ እጭ አይንካ። በረኪናውንም ለመጸዳጃ ቤቱ ይተውለት።