ሲሄድ የአገር፣ ሲቆም የኔ

መኪና ያለው ሰው ዘመድ አይቸግረውም። አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ይዤ የምኖር ሽማግሌ ነኝ፤ ዘመዶቼን ቆጥሬ አልዘልቃቸውም። ከጨንቻ የሚወርድ ድንች፣ ከዶርዜ የሚመጣ ቆጮ፣ ወደ ሴቻ የሚወጣ ሶፋ፣ የሙሽራ ሚዜ፣ የለቅሶ ድንኳን፣ የዕድር ወንበርና ብረት ድስት፣ ሁሉም የሚጓዘው በእሷ ነው። «የእኛ መኪና» ይሏታል። አልከፋኝም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ካምቢዮዋ የወረደ ዕለት ግን ጋራዡ በር ላይ እኔው ብቻ ተገትሬ ቀረሁ። «የእኛ» የሚል አንድ ሰው ዝር አላለም። ወሬው «የጋሼ መኪና ተበላሸች አሉ» ሆነ። ስትሄድ የአገር፣ ስትቆም የኔ!

ጎማ ሲፈነዳ፣ መብራት ሲሰበር ማን እጅ ላይ እንደሆነ ይታወቃል። ካምቢዮ ግን የሚያልቀው በጥቂት በጥቂቱ ስለሆነ ሁሉም ይበላዋል፣ በላሁ የሚል የለም። የሚያጋልጣቸው መፍታት ነው። መካኒኩ ክዳኑን ሲያነሳ እያንዳንዱ ማርሽ ማን ምን እንዳደረገው ይናገራል።

ሁለተኛ ማርሽን የጨረሰው የጨንቻ ዳገት ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናት፤ 37 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ጨንቻ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ። ከታች ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሙቀት፣ ከላይ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ። ይህን ሁሉ ከፍታ መኪናዋ የምትወጣው ባብዛኛው በሁለተኛ ነው። ተዋሾቼ ደግሞ ኩርባው ላይ ሲደርሱ ትዝ ይላቸውና ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጠው ማርሹን ይገፉታል። «ክርርር!» ይላል። ጥርሴን የነቀሉኝ ያህል ያመኛል። እነሱ ግን ሙዚቃውን ከፍ ያደርጉና ድምፁ ይጠፋል።

መካኒኩ ልጅ ነው፤ የልጅ ልጄ እኩያ ነው። የሲንክሮውን የነሐስ ቀለበት በጨርቅ ጠራረገና መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «ጋሼ፣ ውስጡን በጥፍርዎ ይዳስሱት» አለኝ። ዳሰስኩት፤ ልሙጥ ነው። «አዲስ ቢሆን ጥቃቅን ጥርብ መስመሮች አሉት፤ ጥፍር ይይዛሉ» አለ። ቀጥሎ ቀለበቱን ማርሹ ሾጣጣ ላይ ጫን አድርጎ አሳየኝ። አዲሱ እንዲህ ሲጫን ከማርሹ ጋር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። የእኔው ቂጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ወረቀት አያስገባም።

የዚህ ቀለበት ሥራ ገባኝ፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው መሰለኝ። አንዱ ዘንግ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ማርሹ በሌላ ፍጥነት። እንዲሁ ቢጋጠሙ ጥርስ ለጥርስ ነው። ቀለበቱ መካከል ይገባል፣ ከሾጣጣው ጋር ይፋተጋል፣ ፈጣኑን አዘግይቶ ዘገምተኛውን አፍጥኖ ያቀራርባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው «ግቡ» የሚላቸው። ለስላሳ ነሐስ የሆነውም እሱ አልቆ ብረቶቹ እንዲተርፉ ነው። ሽማግሌ ማለት ይኸው አይደል? በመስከረም 2011 ቡራዩ ላይ የተገደሉ ጋሞዎች መርዶ አርባ ምንጭ ደርሶ ወጣቱ በቁጣ ሲነሳ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበርክከው መለሱት። ያን ዓይነት ሽማግሌ በየማርሹ መካከል ተቀምጦልናል፤ እኛ ግን ፍሪሲዮን እንኳ አሟልተን አንረግጥለትም።

ድሮ ሲንክሮም አልነበረም። ጣሊያን ባመጣቸው እንደ ፊያት 634 ያሉ መኪኖች፣ ትሬንታ ኳትሮ በምንላቸው፣ ወደ ታችኛው ማርሽ የሚመለስ ሾፌር ፍሪሲዮን ረግጦ ፎሌ ያስገባል፣ ይለቅና ነዳጅ ይሰጣል፣ እንደገና ረግጦ ማርሹን ያስገባል። ልኩን የሚያውቀው በሞተሩ ድምፅ ነው፤ በጆሮው ነበር የሚነዳው። የዛሬው ሾፌር ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ወትፎ ነው የሚነዳው!

ሦስተኛ ማርሽ የእህቴ ልጅ ድርሻ ነው። ግራ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ቀኝ እጁን የማርሹ እጀታ ላይ አሳርፎ ካልነዳ ጎረምሳ የሆነ አይመስለውም። የዚያ እጅ ክብደት ታች ድረስ ይወርዳል። ማርሽ የሚገፋው ሹካ በቆመበት፣ የሚሽከረከረውን ማያያዣ ቀኑን ሙሉ ሲያሽ ይውላል። ሹካው ይሳሳል፤ ማርሹ እስከ መጨረሻው መግባት ያቆማል፤ የጥርሶቹ ጫፍ ይሸረፋል። ከዚያ ቁልቁለት ላይ ጉዱ ይወጣል። ሞተሩ መኪናዋን ወደ ኋላ ሲይዛት ጫናው ወደ ሌላኛው የጥርስ ጎን ይዞርና ማርሹ ይተፋል። ከዶርዜ በታች፣ ኋላ ሰውና ድንች ጭኜ ስወርድ ሦስተኛዬን ተፋችና ፎሌ ገባች። ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ከዚያ ዳገት ላይ አባያ ሐይቅን ያያል፣ ፎቶ ያነሳል። እኔ ያን ዕለት አባያን ለማየት ምንም ፍላጎት አልነበረኝም።

የኋላ ማርሽ ደግሞ የሠርግ ሰለባ ነው። እሱ ሲንክሮ የለውም፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሳትቆም ከገፉት ጥርስ ይረግፋል። ሚዜ ደግሞ መቆም አያውቅም። አምስተኛ ማርሽ ብቻ፣ እናንተዬ፣ ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ያብረቀርቃል! በሲቀላና በጨንቻ መካከል ማን አምስተኛ ያስገባል? መኪናዬ ውስጥ ዘመድ ያልነካው ዕቃ እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

«ሙሉ ካምቢዮ፣ ያገለገለ ገዝተን እንቀይረው» አለኝ መካኒኩ። እምቢ አልኩ። ያገለገለ ካምቢዮ ማለት የሌላ ሰው የእህት ልጅ የበላው ካምቢዮ ማለት ነው። የራሴን አውቀዋለሁ፤ ቀለበቱ፣ ኩሽኔታው፣ ሹካው፣ ፓራሊዮው ተለውጦ ይታደስ። ዕቃው ታዲያ የት አለ? አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። በአውቶቡስ ሹፌር አስመጣን፤ የመጣው ቀለበት የሌላ ካምቢዮ ሆነ። ሃይሉክስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1968 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ስሙ አንድ፣ አንጀቱ ብዙ። ናሙናውን ይዞ የሚሄድ ሰው ላክሁ። ዋጋ ሲጠይቅ «የትናንቱን ነው የዛሬውን?» አሉት። በሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የኩሽኔታ ዋጋ ከእኔ ደም ግፊት ጋር ነው የሚወጣው።

ጥላትና ሌላ ግዛ የሚሉኝም አሉ። ምኔን ሸጬ? በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ኤክሳይዙ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ደግሞ ነዳጅ የሚጠጡ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተባለ። ዩኒቨርሲቲ ያለው የልጅ ልጄ «አባባ፣ የኤሌክትሪክ መኪና እኮ ማርሽ አይቀየርበትም» ይለኛል። ጥሩ ነው ልጄ፤ ዘመዶቼ የሚበሉት ሌላ ነገር መፈለጋቸው ነው እንጂ።

ምክር ግን አልተወደደም፤ እሱ በነፃ ጎረፈልኝ። አንዱ «ወፍራም ዘይት፣ መቶ አርባ ጨምርበት፣ ዝም ይላል» አለ። ሌላው የደላላን ዘዴ አመጣ፦ ሰጋቱራ፤ ካልሆነም የሙዝ ልጣጭ። የሚጮህ ካምቢዮን ለገዢ ዝም የማሰኘት ዘዴ በየአገሩ የሚወራ ነው፤ ሙዝ በኩንታል በሚጫንበት አርባ ምንጭ ደግሞ ልጣጩ አይጠፋም። እኔ ግን መኪናዋን ልሸጣት አይደለም፣ ልወርድባት ነው። ሙዙንም ለመካሪው ሰጠሁት፤ ቢያንስ እስኪውጥ ድረስ ዝም ይላል።

በመጨረሻ ነገሩን ለሽማግሌ አቀረብኩ። አባቶቻችን ዱቡሻ፣ ሸንጎው ላይ፣ ወጥተው የመሬትና የደም ነገር ይቋጩ የለ? የእኛ የዕድር ሽማግሎች የካምቢዮ ነገር ያቅታቸዋል? አቃታቸው፤ ዳኞቹ ሁሉ ተበዳሪዎች ናቸው። አንዱ ተነስቶ «እኔ የምቀመጠው ከኋላ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ማርሽ አይበላም» አለ። ተጨበጨበለት። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጎሜ ሊሆን ይችላል» አለ። ጎሜ በጋሞ ወግ የተከለከለው ሲጣስ የሚከተል መዘዝ ነው። «መኪናዋን የከለከልከው ሰው ካለ አስብና ተናዘዝ!» እንግዲህ ፍረዱ፤ ተበዳዩ እኔ፣ ንስሐ ግባ የምባለውም እኔ።

መዋጮውም ተነሳ። ሁሉም ትክክል ነው አለ፤ ተመዝግቦም ነበር፤ መዝገቡ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ካምቢዮዋ በእኔው ኪስ ተሠርታ፣ አዲስ ዘጠና ዘይት ተሞልታ ወጣች። ሁለተኛ ስታስገባት አሁን በሁለት ጣት ትገባለች፤ ድምፅ የለም።

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፤ ጽፌም ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፍኩ። ፍሪሲዮን እስከ ወለሉ ይረገጣል። እጅ መሪ ላይ ይውላል። የኋላ ማርሽ መኪናዋ ቀጥ ብላ ከቆመች በኋላ ነው። የጨንቻን መንገድ በወጡበት ማርሽ ይወርዱታል። ይህን የማያከብር መኪናዬን አይነካም።

ለቅሶ ሲሆን ግን ያው ለቅሶ ነው፤ ድንኳን ሊጭን የመጣን ሰው ፈተና አልፈትነውም። ምጥ የያዛት ሴት ካለችም ቁልፉ በሩ ላይ ነው። ሠርግ ደግሞ ሚዜው የወንድሜ ልጅ ከሆነ ምን ይደረጋል? መስቀልማ አይነሳ፤ ሽሮ ሜዳ የከረመው የዶርዜ ሸማኔ ሁሉ ወደ አገሩ ሲገባ ከነጓዙ ማን ያወጣዋል? እየቀነስኩ፣ እየቀነስኩ ሄጄ ሕጉ የሚመለከተው አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ድሮም ማርሽ አላስጮህም።