ስለ መዶሻና ንግግር ርክክብ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች በየሁለት ዓመቱ ሁሉም ለምርጫ የሚቀርቡ፣ አባሉም ወንበሩ ሳይሞቅለት ለቀጣዩ ምርጫ ገንዘብ መለመን የሚጀምር በመሆኑ፤

ከ1938 ወዲህ በአጋማሽ ዘመን ምርጫ፣ ከ1998 እና ከ2002 በስተቀር፣ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ በዚሁ ምክር ቤት መቀመጫ ሳያጣ ያለፈበት ጊዜ ስለሌለ፤

የአፈ ጉባኤው መዶሻ በ1994 ለሪፐብሊካን፣ በ2006 ለዴሞክራት፣ በ2010 ለሪፐብሊካን፣ በ2018 ለዴሞክራት፣ በ2022 ደግሞ መልሶ ለሪፐብሊካን ሲደርስ ንግግሩም አብሮ እጅ ሲለውጥ የኖረ ቢሆንም ርክክቡ በሕግ ያልተመራ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ “የመዶሻና ንግግር ርክክብ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። የጠቀሰው ፓርቲ ግን በሚቀጥለው ምርጫ ይክደዋል።

2. ትርጓሜ
በዚህ አዋጅ ውስጥ፦
ሀ) “ሕዝቡ ተናግሯል” ማለት አሸንፈናል ማለት ነው፤
ለ) “መልእክታችን በደንብ አልደረሰም” ማለት ተሸንፈናል ማለት ነው፤
ሐ) “የአገር ዕዳ” ማለት ሌላው ፓርቲ ያወጣው ገንዘብ ነው፤
መ) ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

3. ርክክብ
አዲሱ ምክር ቤት ሥራ በሚጀምርበት ዕለት አሸናፊው “የአናሳው መብት ይከበር” የሚለውን ንግግሩን ለተሸናፊው ያስረክባል፤ “የብዙኃኑ ድምፅ ይግዛ” የሚለውንም ይረከባል። ንግግሮቹ ያረጁ ቢሆኑም ተረካቢው አዲስ እንደሆኑ አድርጎ ያነባቸዋል።

4. ሙሾ
በ2013 የሴኔቱ ዴሞክራቶች ክርክር ለመዝጋት የሚያስፈልገውን የ60 ድምፅ ደንብ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በቀር ላሉ ሹመቶች ሲያነሱ ሪፐብሊካኖች ስለ ዴሞክራሲ አለቀሱ። በ2017 ሪፐብሊካኖች ደንቡን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም ሲያነሱ ዴሞክራቶች በተራቸው አለቀሱ። ሁለት ሙሾ ማውጣት ብክነት ስለሆነ ከእንግዲህ በአንዱ ሁለቱም ይጠቀሙ።

5. የጊዜ ልክ
በመጋቢት 2016 ሜሪክ ጋርላንድ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲታጩ ምርጫው ስምንት ወር ገደማ ቀርቶት ነበር። የሴኔቱ ሪፐብሊካኖች “ሕዝቡ ይወስን” ብለው ሳይሰሟቸው አስቀሩ፤ ዴሞክራቶች “አሁኑኑ ይሰሙ” አሉ። በ2020 የኤሚ ኮኒ ባሬት የዚሁ ፍርድ ቤት ሹመት ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው ጸደቀ፤ ይጠበቅ ያሉት በዚህ ጊዜ ዴሞክራቶች ነበሩ። ስለዚህ እንደ ሿሚው ወገን ስምንት ወር አጭር፣ ስምንት ቀን ደግሞ በቂ መሆኑ ተደንግጓል።

6. የካርታ ምላጭ
የማሳቹሴትሱ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ በ1812 የፈረሙት የምርጫ ወረዳ ካርታ በእንሽላሊት መሰል ፍጡር ተመስሎ ተሣልቋል። በ2025 ቴክሳስ ለሪፐብሊካኖች፣ ካሊፎርኒያም ለዴሞክራቶች እንዲያደላ ካርታቸውን እንደ አዲስ ቆረጡ። የባላንጣ ምላጭ ዘረፋ፣ የራስ ምላጭ ራስን መከላከል ነው። አንባቢ እንደየወገኑ ገልብጦ ያንብብ።

7. የመራጭ ግዴታ
ማንኛውም መራጭ ድምፁን ለመስጠት ሲሰለፍ፣ በፊተኛው ምርጫ ማን ምን እንዳለ የሚያስታውስ ማስታወሻ፣ ጋዜጣ ወይም አያት ይዞ መገኘት የለበትም።

8. የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው። ያወጣው ፓርቲ አናሳ በሆነ ማግስት ግን ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ሆኖ ይገኛል።