ለጎንደር ባቡር የተነበበ የሕይወት ታሪክ



ዛሬ ኮሶዬ አፋፍ ላይ ድንኳን የተከልነው ለጎንደር ባቡር ነው። አስከሬን የለም። መርዶውን ያረዳን ባለሥልጣንም የለም። ነገር ግን እመጣለሁ ብሎ ይህን ያህል ዘመን የቀረን ሰው እርሙን ማውጣት ያባት ወግ ነውና፣ እንደ ደንቡ የሕይወት ታሪካቸውን ላንብብ።

ሟች ከአባታቸው ከኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ካርታ ላይ ተወለዱ። መጠሪያቸው ወረታ–አዘዞ–መተማ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀጭን መስመር እንደሆኑ ኖሩ። ትዳር አልያዙም፤ ከወልዲያ ተነሥታ ወረታ ትደርሳለች የተባለችው እጮኛቸውም እዚያው ካርታው ላይ ቀረች። ታላቅ ወንድማቸው፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርገው ሐራ ገበያ የሚደርሱት የ392 ኪሎ ሜትሩ ጌታ፣ ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ዋሻ በስቶላቸው፣ አብዛኛውን ሐዲድ አንጥፎላቸው ሲያበቃ ተሳፋሪ ሳያዩ ስንት ክረምት አለፈባቸው። ሕመሙ በቤተሰቡ የታወቀ ነው፤ የገንዘብ እጥረት ይሉታል፤ ጠበልም አይደርስበት።

አንድ ሐሜት ልጨምርና ይቅር በሉኝ። ሟች በሕይወት ቢኖሩ እንኳ ኮሶዬን አይረግጧትም ነበር። አዘዞ ላይ ወደ ምዕራብ ታጥፈው ወደ መተማ ቆላ ነበር የሚወርዱት። ድንቻችንና ገብሳችን በአይሱዙ ተጭኖ እሳቸው ዘንድ ይወርዳል እንጂ እሳቸው ወደኛ አይወጡም። ታዲያ «ቤቴ መጥቶ ያውቃል ወይ?» እየተባለ ለጎረቤት አይለቀስም።

ወደ ዘራቸው ልለፍ። የሟች ቅድመ አያት ወደዚህ ምድር የመጡት የኛኑ ሰው ፍለጋ ነው። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ዙላ ላይ ሲወርድ፣ ስንቁን የሚያመላልስበት አጭር ሐዲድ ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው አቅጣጫ ዘረጋ። በዚያው ሰሞን የቋራው ሰው ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ይገሰግሱ ነበር። አንዱ ወገን በባቡር፣ ሌላው በትከሻ። ንጉሡ ሞቱ፤ ጦሩም ሲመለስ ሐዲዱን ነቅሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጎንደር ብቅ ያለ ባቡር የለም፤ እኔ በበኩሌ ይሉኝታ ይዞት ይመስለኛል።

አያታቸው የጅቡቲው ባቡር ግን ሠርተው የኖሩ ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ አያትየው በ1895 ድሬዳዋን ቆረቆሩ፤ ድርጅታቸው በመሐሉ ከስሮ፣ ሌላ ተተክቶ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገቡ። 784 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሃያ ዓመት ግድም ፈጀባቸው፤ የቸኮለ ሰው የሟችን ታሪክ ከዚህ ጋር ያመዛዝን። ቡናና ቆዳ አወረዱ፤ ሸቀጥ አወጡ፤ ኮንትሮባንዱንም አይተው እንዳላዩ አሳለፉ። በሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱን ለስደት ያወረዱ እሳቸው ናቸው። በለቅሶ ላይ የሰው ነውር አይነሣም፤ ጥር 1977ን ግን መዝለል አይሆንልኝም። አዋሽ ላይ ከሐዲዳቸው ወጥተው ገደል ሲገቡ ከ400 በላይ መንገደኛ አለቀ። እዚህ ላይ ፌዝ የለም። ነፍስ ይማር።

አሁን እኒያ አያት ድሬዳዋ ተቀምጠዋል፤ ለቅሶው የሚገባው ለእሳቸው ነበር፤ እኛ ደግሞ ዘግይተን ለልጅ ልጃቸው ድንኳን ጣልን። በ2009 የኤሌክትሪኩ ባቡር ተመርቆ ቦታቸውን ሲወስድ፣ በአሮጌው ጣቢያ ግቢ የቀሩት ሎኮሞቲቮች፣ ፉርጎዎች፣ በጋራዡ ውስጥ የተደረደሩት ቶርኖዎች ናቸው። ለገሃርም የንጉሡ ፉርጎዎች አሉ። ጎብኚ ገብቶ ፎቶ ይነሣል። እኔን የሚያሳስበኝ ብረቱ አይደለም፤ ብረት ዘይት ከተቀባ ይቆያል። የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ የቱ ጥርስ እንደተበላ የሚያውቀው፣ ፈረንሳይኛን ከአለቃው አፍ የተማረው ጡረተኛ ነው የሚያሳስበኝ። እሱን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም። ኤርትራ ውስጥ በጦርነት የፈራረሰውን የምፅዋ–አስመራ ሐዲድ ከነጻነት በኋላ መልሰው ያቃኑት እንደሱ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ተጠርተው መጡና መዶሻ አነሡ። ድሬዳዋ ላይ የሚጠራ ሰው ዛሬ አለ፤ ነገ ግን ለእሱም ድንኳን ይተከላል።

እንዲያው ኮሶዬም ሙዚየም ይሠራላት ያላችሁ ወጣቶች አላችሁ፤ ሰምቻለሁ። ምን ልናስገባበት ነው? አንድ ካርታና ባቡር ይመጣል ሲባል የነበራችሁን ደስታ? ፋሲለደስ እንኳ ግንቡን ሠርቶ ነው የሞተው። ይልቅ እድሩ ለአበባ ጉንጉን የሰበሰበውን ገንዘብ አንድ መቅረጫ መሣሪያ ይግዛበትና፣ ድሬዳዋ ዘመድ ያለው ሰው ይዞት ሄዶ የጡረተኞቹን ቃል ይቅረጽ። አያት ሳይጦሩ ለልጅ ልጅ ደረት መድቃት ያሳፍራል። ተቃውሞ ያለው እጁን ያንሣ።

ተቃውሞ ከሌለ፣ ንፍሮው ደርሷል። የጎንደር እንግዶች ቶሎ ቶሎ በሉ፤ ሚኒባሱ የሚጠብቃችሁ እስኪሞላ ድረስ ብቻ ነው።