ለየትኛው ታቦት ነው?

ሰኔ ሲገባ ዋሽንግተንና ዙሪያዋ በሚኖረው ሐበሻ ስልክ ላይ አንድ መልእክት መዞር ይጀምራል፤ «ዘንድሮስ ካምፒንግ መውጣት አለብን» የሚል። ብዙውን ጊዜ የሚለኩሰው እዚህ የተወለዱ ልጆች ያሉት አባት ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት «ዕረፍታችሁን እንዴት አሳለፋችሁ?» ተብለው፣ አንዱ የፈረንጅ ልጅ ተራራ ወጣሁ፣ ሌላው ታንኳ ቀዘፍኩ ሲል፣ «ሠርግ ሄድን፤ ከዚያ መልስ ሄድን፤ ከዚያ ክርስትና ሄድን» ብለው አስተማሪዋን ያሳዘኑ ናቸው።

እኛ እኮ ከቤት ስንወጣ የምናውቀው መድረሻ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ሰው ቤት፣ ወይ እግዜር ቤት። ሠርጉም ለቅሶውም ሰው ቤት ነው። ግሸን ወይ ላሊበላ እግር እስኪላጥ ቢኬድም ጫፉ ላይ ታቦት አለ። ማንም ሳይጠራን፣ የምንሳለመው ሳይኖር፣ ዛፍ ሥር ሄዶ ማደር በአገራችን የሽፍታና የእረኛ ሥራ ነበር። እነሱም ቢሆኑ አይከፍሉበትም።

ዘንድሮ ደግሞ አክስቴ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን መጥተዋል። «እትዬ፣ ቅዳሜ ጫካ ልናድር ነው» ስላቸው የሻይ ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፤ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «ምነው ልጄ፣ የቤት ኪራዩ አቃታችሁ?» አሉኝ።

የምንሄደው ሸናንዶዋ ወንዝ ዳር ነው። ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ፍሮንት ሮያል የምትባል ከተማ ትገኛለች፤ የወንዙ ሁለት ቅርንጫፎች የሚገናኙት እዚያ ነው። አንድ ከሆኑ በኋላ ወደ ሰሜን ወርደው ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ፖቶማክን ይቀላቀላሉ። ቶማስ ጄፈርሰን በ1785 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ባሳተመው መጽሐፍ ያንን መገናኛ ለማየት ብቻ አትላንቲክን መሻገር አያስቆጭም ብሎ ጽፏል። አክስቴ አትላንቲክን የተሻገሩት የልጅ ልጅ ለማየት ስለሆነ በጄፈርሰን አልተደነቁም። ወንዙ ወደ ሰሜን ይፈሳል ስላቸው ግን ጆሯቸው ቆመ።

«እንደ ዓባይ?»

«እንደ ዓባይ።»

«እንግዲያስ ደህና ወንዝ ነው» አሉና ፈቀዱ።

ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄድ ፈረንጅ ሸክም ለማቅለል የጥርስ ብሩሹን እጀታ ይቆርጣል ይባላል። እኛ የጫንነው ሁለት ድስት፣ ጀበና፣ ረከቦት፣ የከሰል ምድጃ፣ ዕጣን ማጨሻና አንድ መሶብ ነበር። መሶቡ የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለት ተቀመጠ፤ አንዱ ልጅ በዚያ የተነሣ ሌላ መኪና ተቀየረ። የሰኔ ጾም ስለነበረ ሥጋ የለም፤ ሽሮው፣ ስልጆው፣ ዳቦው፣ በሶውና ቆሎው ግን ለአንድ ሻለቃ ጦር ይበቃል።

ጓደኛዬ ሜሪላንድ ካለው ግቢው ፈልጦ የጫነው እንጨት ግን እንዲወርድ ተደረገ። ሰበቡ አንዲት አረንጓዴ ጥንዚዛ ናት። ከእስያ የመጣች ናት፤ በ2002 ዲትሮይት አካባቢ ተገኘች፤ አሽ የሚባለውን ዛፍ ከቅርፊቱ ሥር እየቦረቦረች በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር አድርቃለች። በራሷ ክንፍ ብዙ ሩቅ አትሄድም፤ ከግዛት ግዛት የሚያጓጉዛት የሽርሽረኛ ማገዶ ነው። ስለዚህ እሑድ የምንገባበት የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በሙቀት መታከሙ ያልተረጋገጠ እንጨት ከውጭ አያስገባም። ይህን ስተረጉምላቸው አክስቴ ለኤምባሲ ቀጠሮ የተመላለሱበት ጊዜ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ «እንጨቱንም ነው እንደዚህ የሚያንገላቱት?» ብለው ለፍልጡ አዘኑ።

የሰፈርነው በደቡባዊው ቅርንጫፍ ዳርቻ ባለው የቨርጂኒያ ግዛት ፓርክ ነው። እዚያ አንድ የድንኳን ቦታ የሚፈቀደው ለ6 ሰው ወይም ለአንድ ቤተሰብ ነው። በር ላይ ያለችው ልጅ ከሦስት መኪና የወረደውን ሕዝብ አይታ፣ በትሕትና «አንድ ቤተሰብ ናችሁ?» ስትል ጠየቀች። አክስቴ ምን እንዳለች ተነገራቸው። «ታዲያ ምን ልንሆን ነው? ሁሉም ልጆቼ ናቸው በላት!» ከልጆቻቸው አንዱ ከእሳቸው በሁለት ዓመት ብቻ የሚያንስ ጎረቤታችን የታክሲ ሾፌር ነበር። ልጅቷ ራሰ በራውን ልጃቸውን አየት አድርጋ፣ ሳትከራከር ተጨማሪ ቦታዎች ሰጠችን፤ እኛም ሳንከራከር ከፈልን።

ከጎናችን የሰፈሩት ባልና ሚስት አውቶቡስ የሚያክል ቤት በፒክአፕ ጎትተው መጥተዋል። አልጋ አለው፣ ሻወር አለው፣ ማታ ደግሞ በመስኮቱ የቴሌቪዥን ብርሃን ይታያል። አክስቴ ዞረው ዞረው ተመለከቱትና፣ «እነዚህስ አልወጡም፤ ቤታቸው ነው የወጣው» አሉ። እኔ በዚህ አልስቅባቸውም። ከቤት ወጥቶ ቤት መፈለግ የእኛም ጠባይ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ግድግዳውን ሲያመጡ እኛ ዘመዱን ማምጣታችን ነው።

ወንዙ ዳር ግን ጉድ ተፈጠረ። በሰኔ ውኃው ዝግ ያለና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ፣ ሰዉ የተነፋ ላስቲክ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ፣ የበረዶ ሳጥኑን በሌላ ትንሽ ላስቲክ አስከትሎ፣ ወንዙ ወደወሰደው መሄድ ይወዳል። አክስቴ ይህን ማንም አልነገራቸውም። እግራቸውን ሊነክሩ ወርደው ቀና ሲሉ አንድ ሙሉ ቤተሰብ፣ አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና አንድ ውሻ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሲንሳፈፍ አዩ። «ኧረ የሰው ያለህ! ውኃ ወሰዳቸው!» ብለው ነጠላቸውን እያውለበለቡ በዳር በኩል ሮጡ። እነዚያ ደግሞ ሰላምታ መስሏቸው ሁሉም እጃቸውን አወዛወዙላቸው። ውሻውም ጮኸ። «እየሄዱ ይስቃሉ!» አሉኝ አክስቴ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ለመዝናናት መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ያመኑኝም አይመስለኝም።

የዓሣ አጥማጁ ነገር ባሰ። ሰውየው ከወገቡ በታች የጎማ ሱሪ ታጥቆ፣ ባስ የሚባል ደህና ዓሣ ይዞ፣ የሚስመው በሚመስል አኳኋን ፎቶ ተነሣና መልሶ ለቀቀው። ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ሌላም ምክንያት አለው። ወንዙ ሽቅብ ሲኬድ ዌይንስቦሮ የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ የነበረ ፋብሪካ ከ1929 እስከ 1950 ሜርኩሪ ለቆበታል፤ ዛሬም ድረስ ከዚህ ወንዝ ዓሣ አብዝታችሁ አትብሉ የሚል ማስጠንቀቂያ አልተነሣም። እንዲህ አምሮ የሚፈስ ውኃ ሆዱ ውስጥ የ70 ዓመት ቂም መያዙ ያስገርማል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የጥንት ክርክራችን ግን ለጊዜው በቨርጂኒያ ጤና ጥበቃ ተዘጋ።

ሲመሽ የፓርኩ ጠባቂ፣ ሬንጀሩ፣ መጣ። ጥቁር ድብ ስላለ ምግብ ሁሉ፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ መኪና ውስጥ ይቆለፍ አለን። ጓደኛዬ «የእኛ የጾም ነው፤ ድቡ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ሬንጀሩ ይህ ድብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ቅጠል፣ ፍራፍሬና የዛፍ ፍሬ መሆኑን ነገረን። ለአክስቴ ሲተረጎምላቸው ፊታቸው በራ። «ጾመኛ ነዋ!» አሉ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃታቸው ጠፋ። እኔ ግን ሽሮውን ሁለት ጊዜ ቆለፍኩ።

ሌላው ደንብ ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ዝም ማለት ነው። ቡናው የተጀመረው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበረ አቦል በሰላም ተጠጣ፤ ቶና ላይ ወሬው ደራ፤ በረካ ግን ከደንቡ ጋር ተጋጨች። በረካ ሳይጠጣ አይነሣም፣ በሹክሹክታም አይጠጣም። አክስቴ መፍትሔ አገኙ፤ የጎረቤቶቻችንን ባልና ሚስት ጠርተው ስኒ አስጨበጧቸው። የሚያማርር ጎረቤት እኛው ጋ ተቀምጦ ስኳር ሲጠይቅ ማን ያማርራል?

በማግሥቱ ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ስካይላይን ድራይቭ ወጣን። በተራራው ጫፍ ጫፍ 169 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንገድ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ35 ማይል አያልፍም፤ በዚህም የታክሲ ሾፌሩ ልጃችን ብዙ ተሠቃየ። በየመታጠፊያው ቆሞ ማያ አለ፤ ከታች ወንዙ ሜዳውን እየተጠማዘዘ ሲሄድ ይታያል። አክስቴ ግን ያዩት የድንጋይ ክምር ነበር። «ይሄ የቤት ድንጋይ ነው» አሉ። ልክ ነበሩ። ፓርኩ በ1935 ሲቋቋም ተራራው ሰው ነበረው። ግዛቱ መሬቱን በሕግ አስገድዶ ወሰደና 500 ያህል ቤተሰብ ተነሣ፤ የጭስ ማውጫውና መቃብሩ አሁንም በየጫካው ይገኛል። በ2016 ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የግጭ መንደር ሰዎች መነሣታቸውን ለእሳቸው መንገር አላስፈለገኝም። «ዋሊያውም ይኑር፤ ድቡም ይኑር» አሉ ድንጋዩን እያዩ፤ «ግን ሰውዬውን የት ይኑር አሉት?» የሚመልስላቸው አልተገኘም፤ መኪናው ውስጥም ለጥቂት ጊዜ ሙዚቃ የከፈተ የለም።

ከዚያ ስቶኒ ማን የሚባለውን ተራራ በእግር ልንወጣ ተነሣን። ከፍታው 1,222 ሜትር ነው፤ በፓርኩ አንደኛ የሆነው ሃውክስቢል እንኳ 1,235 ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚህ ተራራ የሚረዝም ጉድጓድ ቢቆፈርላቸው እንኳ ከዚህ ጫፍ በላይ ነበሩ ማለት ነው። ይህንን ሲሰሙ ለጉዞው ያዘጋጀሁላቸውን ምርኩዝ መለሱልኝ።

የመንገዱን ካርታ ያየችው ትንሿ ልጄ «ዞሮ ነው የሚመጣው» ብላ አስረዳቻቸው። ቆሙ።

«ዞሮ የት?»

«ወደ መኪናችን።»

«መኪናችን ይኸው አይደለም እንዴ?» አሉ ኮፈኑን መታ መታ አድርገው። «ደርሰናል እኮ!»

ይህን ጥያቄ የፈረንጅ የእግር ጉዞ ባለሙያ ሁሉ ቢሰበሰብ የሚመልሰው አይመስለኝም። እንደምንም አግባብተን ይዘናቸው ሄድን፤ ሸለቆውን ከአናቱ ቁልቁል ሲያዩም «ይሁን፣ ዓይንም ይበላል» አሉ።

መንገዱ ከፊሉ የአፓላቺያን ትሬይል ነው። በየዛፉ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ምልክቱን እየተከተለ የሚሄድ ሰው ከጆርጂያ ተነሥቶ 14 ግዛት አቋርጦ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ሜይን ይደርሳል። ሐሳቡ በ1921 ቀረበ፤ መንገዱ በ1937 ተጠናቀቀ። በፀደይ ከጆርጂያ የተነሡት ሰኔ ላይ በዚህ ያልፋሉ። እኛም ቋጥኙ ላይ ተቀምጠን ቆሎ ስንቆረጥም አንዱ ብቅ አለ። ከሲታ ነው፤ ጢሙ ደረቱ ደርሷል፤ ጫማው ተከፍቶ በፕላስተር ተጠፍሯል፤ ሽታው ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። እኛ ወጣቶቹ ትንሽ ፈቀቅ አልን። አክስቴ ግን ተነሥተው ቆሙ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ከየት ነው የመጣው?»

«ከጆርጂያ፣ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ።»

«በእግሩ!» አማተቡ። «ለየትኛው ታቦት ነው በለው።»

እንዴት ብዬ እንደተረጎምኩት አላውቅም፤ ሰውየው ግን አልሳቀም። ቦርሳውን አወረደና አሰበ። መንገዱ ሜይን ውስጥ ካታህዲን የሚባል ተራራ ላይ ያልቃል፤ እዚያ ታቦት የለም፣ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ብቻ ነው ያለው አለን። ከዚያ ትንሽ አፈር ብሎ፣ የደረሰ ሰው ሁሉ ግን ሰሌዳውን ይስመዋል አለ።

«አላልኩህም?» አሉኝ አክስቴ። «ተሳላሚ ነው።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ማስረዳት አያሻም። ዳቦው ተቆረሰ፤ በሶው ተበጠበጠ፤ ቆሎው በኪሱም በቦርሳውም ተሞላ። ሳምንታት ሙሉ ደረቅ ኑድል እየቀቀለ የሰነበተ ሰው ስልጆ ሲቀምስ ማየት ነው! በዚያ መንገድ ላይ ለተጓዥ ምግብ የሚሰጠውን ሰው መልአክ ብለው ይጠሩታል፤ እሱም እንደ ልማዱ አክስቴን መልአክ አላቸው። «ኧረ ተው በለው፣ እግዜር ይቆጣል» አሉና ሌላ ዳቦ ጨመሩለት።

እየበላ ስለ ኤማ ጌትውድ አጫወተን። የ11 ልጆች እናት ናት። በ1955፣ በ67 ዓመቷ፣ ለልጆቿ ትንሽ በእግሬ ልንሸራሸር ብላ ወጣች፤ በሸራ ጫማ፣ ራሷ የሰፋችውን ከረጢት በትከሻዋ አንጠልጥላ፣ ድንኳን ሳትይዝ፣ ለዝናብ የሻወር መጋረጃ ደርባ መንገዱን ጨረሰችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻዋን በአንድ ጉዞ የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግማዋለች። አክስቴ «ድንኳን ሳትይዝ» የሚለው ላይ ወደ እኛ፣ ወደ ሦስቱ መኪናዎቻችን አቅጣጫ፣ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩ።

ስንመለስ ልጆቹ ተኙ፤ መሶቡ ቀበቶውን ታጥቋል። አክስቴ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ፍሮንት ሮያል ስንደርስ፣ «ያቺ ሴትዮ ስንት ዓመቷ ነው ያላችሁት?» አሉ።

«67።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «እኔ ለሐምሌ ሥላሴ 66 ይሞላኛል።»

የታክሲ ሾፌሩ ልጃቸው በመስተዋት ዓይኔን ፈለገ።

«መንገዱስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እንደ ሰዉ ነው እትዬ፤ አምስት ስድስት ወር።»

አንድ የጫማ መደብር አለፍን፤ አክስቴ አንገታቸውን አዙረው እስኪጠፋ ድረስ ተከተሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ቪዛዬ ላይ የቀረኝ ስንት ወር ነው?» አሉኝ።