ሁለገብ የባሕር ዘንግ አሳስቶ ለመግዛት

ከባሕር ዳርቻ ቆሞ ለሚያጠምድ ሰው የተሠራ ሁለገብ ዘንግ በእንግሊዝ አገር ልማድ 3.66 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ለሁለት እኩል ቁራጭ ይከፈላል፤ ከ113 እስከ 170 ግራም የሚመዝን እርሳስ ይወረውራል። የአገሬው ሰው ይህንኑ 12 ጫማ፣ ከ4 እስከ 6 አውንስ ይለዋል። በዚህ ልክ የተሠራ ዘንግ በክረምት ኮድና ዋይቲንግ፣ በበጋ ባስና ሬይ ለተባሉት ዓሦች ይበቃል። ልኩ ይህን ያህል የታወቀ በመሆኑ ዘንግ አሳስቶ መግዛት እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም፤ በቅደም ተከተል መሥራትን ይጠይቃል።

የመጀመሪያው እርምጃ ባሕሩን መርሳት ነው። በእንግሊዝ ዶርሴት የሚገኘው ቼዝል ቢች 29 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የጠጠር ዳርቻ ሲሆን፣ ብዙ ቦታ ላይ ውሃው ከዳር ጀምሮ ይጠልቃል፤ በበጋ ማኬሬል የተባለው ዓሣ ትናንሽ ዓሦችን እያሳደደ እስከ ጠጠሩ ድረስ ይመጣል። በብሪስቶል ቻናል ግን ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ያለው የከፍታ ልዩነት እስከ 14 ሜትር ይደርሳል። ያ ሁሉ ውሃ ሲሄድ እርሳሱን ጠርጎ እንዳይወስደው አሸዋ የሚቆነጥጡ የሽቦ ጥፍሮች ያሉት ከባድ እርሳስ ያስፈልጋል፤ ከባድ እርሳስ ደግሞ እርሱን የሚችል ዘንግ ይፈልጋል። በእስራኤል አሽዶድና አሽቀሎን ፊት ለፊት ያለው ሜዲትራንያን በበኩሉ በሙላትና በጉድለት መካከል ግማሽ ሜትር እንኳ አይለዋወጥም። በሜዲትራንያን ዳርቻዎች በቀጭን ክርና በቀለለ እርሳስ ስለሚጠመድ፣ 4.2 ሜትር የሚደርስ ባለ ሦስት ቁራጭ ዘንግ ይወደዳል። አሳስቶ ገዢ ሦስቱን አንድ ባሕር ያደርጋቸዋል። አሽዶድ ያለ የአክስቱ ልጅ የላከለትን ፎቶ አይቶ ለብሪስቶል ውሃ የሚሆን ዘንግ ያዝዛል፤ ጥቂት ቆይቶም የራሱን ፎቶ ይልክና ለአሽዶዱ ይመክራል።

ሁለተኛው እርምጃ በዘንጉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የጉልበት ማዕረግ አድርጎ ማንበብ ነው። ከ4 እስከ 6 አውንስ የሚል ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ ደህና አድርጎ የሚጎብጠው በመካከሉ፣ 5 አውንስ ማለትም 142 ግራም ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በታች ሳይጎብጥ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ እየደከመ ይሄዳል። በእርሳሱ ላይ የማባበያው ክብደት እንደሚጨመርም ማሰብ ይገባ ነበር፤ ሙሉ ስኩዊድ የተሰካበት መንጠቆ ያለው እርሳስ ብቻውን እንደሚበር እርሳስ አይቀልም። አሳስቶ ገዢ ግን ከ4 እስከ 8 የሚለውን ሲያይ ሁለት አውንስ በነጻ የተጨመረለት ይመስለዋል። 227 ግራም የሚችል ዘንግ 113 ግራም ሲሰጠው እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ እንደሚቀር፣ ወርዋሪውም በትከሻው ብቻ እንደሚወረውር የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ከሁሉም የከበደና ብዙ ምዕመናን ያሉት ነው፤ እርሱም ርቀትን ማምለክ ነው። ይህን በሚገባ ለመፈጸም መጀመሪያ የውድድር ወርዋሪዎችን መመልከት ይጠቅማል። እነዚህ ሰዎች ሣር ሜዳ ላይ ቆመው፣ ማባበያ በሌለው 150 ግራም እርሳስ፣ በቀጭን ክር ከ250 ሜትር በላይ ይወረውራሉ። እርሳሱን እንደ ሰዓት ፔንዱለም ወደ ኋላና ወደ ፊት ካወዛወዙ በኋላ ሰውነታቸውን አዙረው የሚለቁት በዓመታት ልምምድ ነው። አሳስቶ ገዢ ዓመታቱን ትቶ ዘንጉን ይገዛል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ የሻምፒዮን ዘንግ እጀታው ደረቅ፣ ወገቡ ደረቅ፣ አንዳንዴ ጫፉም ደረቅ ነው፣ የሚጎብጠውም የሻምፒዮን ጉልበትና ፍጥነት ሲያርፍበት ነው። መካከለኛ ወርዋሪ በልኩ ለስለስ ባለ ዘንግ የሚደርስበትን ቦታ በዚህ ዘንግ አይደርስም። ውድ ዘንግ ገዝቶ ርቀት መቀነስ በዚህ መንገድ ብቻ ይገኛል።

ቀጥሎ ዓሣው ሁልጊዜ ሩቅ ነው ብሎ ማመን ያስፈልጋል። ባስ የሚበላው ማዕበሉ ሲሰበር ከአሸዋው የሚነሣውን ትልና ሸርጣን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዳርቻው 20 ወይም 30 ሜትር ላይ፣ በጨለማ ደግሞ ከዚያም ቀርቦ ይገኛል። ፍላውንደር የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ይመገባል። ይህን ሁሉ አልፎ ለመወርወር አጥማጁ ባሕሩ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ፣ ዓሣው የሚበላበትን ቦታ በቦት ጫማው ረግጦ፣ ዓሣው ከጀርባው ሆኖ ሳለ ወደ አድማስ ይወረውራል። ማታ ባዶ ማቀዝቀዣውን ተሸክሞ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ሜትር ነው። ምን ዓይነት ማጥመድ ነው ይህ? ሚዛን ላይ የሚወጣው ዓሣ እንጂ ሜትር አይደለም! ለሩቅ ውርወራ ቦታ አለው፤ በክረምት ኮድ የሚያልፍበት ጥልቅ መስመር 100 ሜትር ላይ ከሆነ እዚያ መድረስ ግድ ነው። የማይገባው እያንዳንዱን ባሕር፣ እያንዳንዱን ምሽት በዚያ አንድ መስመር መለካት ነው።

ርቀትን የሚያመልክ ሰው ማባበያውንም ለርቀት ይሠዋል። ለስላሳ ትል በደረቅ ዘንግ በኃይል ሲወረወር አየር ላይ ከመንጠቆው ይላቀቃል፤ እርሳሱ 120 ሜትር ይደርሳል፣ ትሉ 60 ሜትር ላይ ለወፍ ይቀራል። ከእርሳሱ አጠገብ መንጠቆውን ይዞ የሚበር፣ ውሃ ሲነካ የሚለቅ ትንሽ ፕላስቲክ አለ፤ ዋጋው ከአንድ ሻይ አይበልጥም። ባዶ መንጠቆ ላይ ለሁለት ሰዓት ማፍጠጥ ለሚመርጥ ግን አስፈላጊ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኬንት በሚገኘው ደንጀነስ ዳርቻ ኮድ በማጥመድ ስሙ የገነነው ሌስሊ ሞንክሪፍ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ በሚጀመር፣ ያልተጣደፈ ውርወራው ይታወቃል። የእርሱን ስልት የተማሩ ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ስልት በነጻ ይወሰዳል። አሳስቶ ገዢ ከስልት ትምህርት በፊት ሁለተኛ ዘንግ ይገዛል።

ርዝመትን በሚመለከት ነገሩ አጭር ነው። ቁመቱ መካከለኛ የሆነ ሰው 3.66 ሜትሩን በደንብ ያዞረዋል። 4.5 ሜትሩን ለማዞር ግን ክንዱም ልምዱም መድረስ አለባቸው፤ ይህን የሚያውቅ አሳስቶ ገዢ 4.5 ሜትሩን ይመርጣል። የመኪናውን ርዝመት የሚለካውም ከፍሎ ከወጣ በኋላ ነው።

አራተኛው እርምጃ ዘንጉንና የክር ማጠንጠኛውን በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ስሜት መግዛት ነው። ማጠንጠኛ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ከበሮው ራሱ ይሽከረከራል፤ ማልቲፕላየር ይባላል፣ አቡ 6500 ከታወቁት አንዱ ነው። በሁለተኛው ከበሮው ቆሞ ክሩ በጫፉ እየተፈታ ይወጣል። በቆመ ከበሮ የሚወጣው ክር ሰፊ ክብ እየሠራ ስለሚበር የመጀመሪያው የዘንግ ቀለበት ሰፊ መሆን አለበት፤ ጠባብ ከሆነ ክሩ እየተፋተገ ርቀቱን ይበላዋል። በማልቲፕላየር ግን ክሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ዘንጉ ሲጎብጥም ክሩ በዘንጉ ጀርባ ላይ ስለሚያልፍ ገላውን እንዳይነካ ቀለበቶቹ ትናንሽና ብዛት ያላቸው ይሆናሉ። ስለዚህ የማልቲፕላየር ዘንግ ላይ ትልቅ የቆመ ከበሮ መግጠም የታወቀና የተወደደ ስህተት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ጀማሪ ሆኖ ማልቲፕላየር መግዛት ነው። ከበሮው ከሚወጣው ክር ፈጥኖ ሲሽከረከር ክሩ ውስጥ ለውስጥ ይተበተባል፤ ቀኑ ጨልሞ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ በጭንቅላት ባትሪ ብርሃን ያን ትብታብ መፍታት የምሽቱ ሥራ ይሆናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ የቆመው ከበሮ በግማሽ ዋጋ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ማጠንጠኛው የሚቀመጥበት ቦታም የሰውን ክንድ ይከተላል። ግራና ቀኝ እጅ ሳይጨነቅ የሚዘረጋበትን ልክ ሱቅ ውስጥ ቆሞ መሞከር ይቻላል። አሳስቶ ገዢ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ሌላ ነው፦ ዘንጉን ከእጀታው ይይዝና ጣሪያው ሥር ያንቀጠቅጠዋል፤ ጫፉ ሲርገበገብ ራሱን ይነቀንቃል። ይህ መንቀጥቀጥ የሚነግረው የጫፉን ለስላሳነት ብቻ ነው፤ 150 ግራም ሲሸከም ወገቡ ምን እንደሚያደርግ አንድ ቃል አይተነፍስም። ባለሱቁ ጫፉን ይዞለት ቀስ እያለ ቢስብ፣ ወይም እርሳስ አንጠልጥሎ ቢያሳየው፣ ጫፉ ንክሻ የሚያሳይ ያህል ለስላሳ፣ ታችኛው ክፍል ኃይል የሚያቀብል ያህል ጠንካራ መሆኑ ይታይ ነበር። ይህን መጠየቅ ግን አለማወቅን ማሳየት ይሆናል፤ ብዙ ገዢ ደግሞ ከማፈር ይልቅ ሁለት መቶ ፓውንድ መክፈል ይቀለዋል።

ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ የሚገባው፣ እንደ ራዲዮ አንቴና የሚመዘዘው ዘንግ ከነማጠንጠኛው፣ ከነመንጠቆው፣ ከነክሩ በአንድ ማሸጊያ ይሸጣል። መጋጠሚያው ብዙ ነው፤ በየመጋጠሚያው አሸዋና ጨው ይገባል፤ አንድ ቀን አልወጣም ይላል፣ አንድ ቀን አልገባም ይላል። የልደት ስጦታ አድርጎ ለልጅ መስጠት ልጁ ሁለተኛ ባሕር እንዳይሄድ ከሚያደርጉት መንገዶች አስተማማኙ ነው። ለልጁ በልኩ አጠር ያለ፣ ባለ ሁለት ቁራጭ፣ ያገለገለ ደህና ዘንግ ይሻለው ነበር። ያገለገለ ዘንግ ሲገዛ መጋጠሚያው ላይ ስንጥቅ መኖሩን ማየትና በየቀለበቱ ውስጥ ጥቂት ጥጥ ማሳለፍ በቂ ነው፤ ጥጡ ከተያዘ የቀለበቱ ውስጥ ተሰንጥቋል፣ ክር ይቆርጣል ማለት ነው። አሳስቶ ገዢ ጥጥ አይዝም፤ የሚመለከተው ቀለሙን ነው።

የመጨረሻው እርምጃ ገንዘቡን ሁሉ ዘንጉ ላይ ጨርሶ ከእርሳሱ በላይ የሚታሰረውን ወፍራም መሪ ክር መተው ነው። የዋናው ክር ጥንካሬ ብዙ ጊዜ 7 ኪሎ ገደማ ነው፤ የውርወራን ግፊት ብቻውን አይችልም። የታወቀው ልክ ለእያንዳንዱ አውንስ እርሳስ 10 ፓውንድ ክብደት የሚችል ክር ነው፤ ለ5 አውንስ እርሳስ 23 ኪሎ ገደማ፣ ለ6 አውንስ 27 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ርዝመቱም እርሳሱ ተንጠልጥሎ ሳለ ከበሮው ላይ በርከት ብሎ ተጠምጥሞ እንዲተርፍ ሆኖ ይቆረጣል። ይህን የተወ ሰው ክሩ በውርወራው መሐል ሲበጠስ 150 ግራም እርሳስ በዳርቻው ላይ ይለቃል፤ ወዴት እንደሚሄድም እርሱ አይወስንም። ዳርቻው ላይ ልጆች ይሮጣሉ፣ ሰዎች ከነውሻቸው ይንሸራሸራሉ። የበረረ እርሳስ ሰው ሊገድል ይችላል። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር የለም፤ እስካሁን የተባለው ስህተት ሁሉ የገዢውን ኪስ ነው የሚጎዳው፣ ይህ ግን የሰውን ጭንቅላት ነው።

ከካርቦን የተሠራ ዘንግ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍም መዘንጋት ከዚሁ ይቆጠራል፤ መብረቅ ሲመጣ አራት ሜትር የሚጠጋ ካርቦን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ መቆም፣ ወይም ወደ ዳርቻው በሚወስደው መንገድ ላይ ገጥሞ በኤሌክትሪክ መስመር ሥር ማለፍ። ዘንጉን ባሕሩ ዳር ደርሶ መግጠም አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ዘንጉን በንጹሕ ውሃ ሳያጥቡ መኪና ውስጥ መተው ነው፤ ቀለበቶቹን ጨው ይበላቸዋል፣ በሚቀጥለው ክረምትም ግዢው እንደገና ይጀመራል። በዚያን ጊዜ ገዢው አንድ ነገር ብቻ ይለመናል፦ ዘንጉ ምንም ይሁን ምን፣ ቀለሙም ምንም ይሁን ምን፣ ከሱቁ ሳይወጣ ያን ወፍራም መሪ ክር ይግዛ።