ነፋስ የገፋው ፓራቦላ

ፕላዝማን የሚያስታውስ መምህር «ስማርት ቦርድ መጣልህ» ሲባል ፊቱ ባይፈካ አልፈርድበትም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መሰቀል የጀመረው ያ ሰፊ ስክሪን ትምህርቱን ከአዲስ አበባ በሳተላይት እየተቀበለ በእንግሊዝኛ ያወርደው ነበር። ጥያቄ ይሰጣል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ ተማሪው ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱን ተናግሮ ይሻገራል። እኛ መምህራን መግቢያ ተናግረን እንከፍታለን፣ ማጠቃለያ ተናግረን እንዘጋለን። ፊደል የቆጠረው በሶማልኛ የሆነ የጅግጅጋ ልጅ «አልገባኝም፣ ይመለስልኝ» ቢል የሚሰማው አልነበረም። መብራት ከሄደ ደግሞ ያ ትምህርት በዚያው አለፈ ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ በማስተምርበት የጅግጅጋ ትምህርት ቤት በአንዱ ክፍል ስማርት ቦርድ ሲገጠም፣ ባልደረቦቼ በር ላይ ቆመው አይተውት ወደ ጠመኔያቸው ተመለሱ። እኔን ግን ያዘኝ። ከጣሪያው ብረት ላይ የተንጠለጠለ ፕሮጀክተር የላፕቶፑን ምስል ሰሌዳው ላይ ይጥላል፤ ሰሌዳው ደግሞ ብዕሩ የት እንዳረፈ መልሶ ለላፕቶፑ ይነግራል። የካናዳው ስማርት ኩባንያ ይህን ዓይነት ሰሌዳ ለገበያ ያቀረበው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል፤ ቢሆንም ፕላዝማው ያልነበረው ነገር አለው፤ ተማሪ ሲነካው ይመልሳል፣ «ቆይ» ሲሉት ይቆማል።

ላፕቶፑ ላይ ጂኦጅብራን ጫንኩ። ኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንዋርተር በ2001 እ.ኤ.አ. በዛልስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የሂሳብ ፕሮግራም ነው፤ ለትምህርት በነፃ ይሰጣል፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ለእኛ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋይ እኩል ይሆናል ኤ ኤክስ ስኩዌር የሚለውን በጠመኔ ሳስተምር፣ ኤ አንድ ሲሆን፣ ሁለት ሲሆን፣ ግማሽ ሲሆን፣ ኔጌቲቭ ሲሆን እያልኩ አራተኛውን ፓራቦላ ስስል ደወል ይደወላል። አሁን አንድ ልጅ ወጥቶ ኤን በብዕሩ ይጎትታል፤ ፓራቦላው ይጠብባል፣ ይሰፋል፣ ይገለበጣል። ከላይ ወደ ታች በሚገለበጥባት ቅጽበት ጠፍጥፎ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። ልጁ መለሰው፣ እንደገና ጎተተው። ከዚያ ከመሃል ረድፍ «ቲቸር፣ መጽሐፉ ኤ ዜሮ መሆን የለበትም የሚለው ለዚህ ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ለዓመታት በቃል ያስጠናሁትን ቅድመ ሁኔታ ተማሪ ራሱ ደርሶበት ሲጠይቀኝ የዚያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር።

በጣም የወደድኩት ግን የቢርካው ትምህርት ነው። ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪበያህና ሃርትሼክ የሚወርደው አገር ወንዝ የሌለው ሜዳ ነው። ሃርትሼክ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ከሰሜን ሶማሊያ የሸሹ ስደተኞች የሰፈሩበትና በ1996 ዓ.ም. የተዘጋው ግዙፍ መጠለያ የነበረበት ቦታ ነው፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ያጠጡት ከጅግጅጋ በኩል ውኃ የሚያመላልሱ ቦቴዎች ናቸው። ሰዉ ራሱ የሚኖረው በቢርካ ውኃ ነው፤ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ ይለሰናል፣ የዝናብ ጎርፍ ይገባበታል። ከዚያ የመጡ ልጆች ስላሉኝ ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 6፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ቢርካ ሰሌዳው ላይ ሳልን፤ የውኃውን ከፍታ በብዕር ዝቅ ከፍ እንዲል አደረግነው። ሲሞላ 180 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 180 ሺህ ሊትር ይይዛል፤ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 9 ሺህ። አንዱ የሃርትሼክ ልጅ ተነስቶ ውኃውን አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ አደረገውና ቁጥሩን አነበበ፤ 600 ሊትር። «ፀሐይ ብቻዋን 30 ጄሪካን ጠጣችብን!» አለ። አባቱ ቢርካውን በእሾህ ቅርንጫፍ የሚከድነው ለምን እንደሆነ ለክፍሉ ያስረዳው እሱ ነው፤ እኔ ስለ ስሎፕ ልናገር ያዘጋጀሁት ማብራሪያ አላስፈለገም።

ከዚያ ጂላል ገባ። ይህን ደረቅ ወራት ያላየ ሰው የጅግጅጋን ነፋስ አያውቀውም። ሜዳውን ሲጠርግ ቆርቆሮው ይጮኻል፣ የጣሪያው ብረት ይንቀጠቀጣል። ፕሮጀክተሩ የተንጠለጠለው ከዚያ ብረት ላይ ነው። ሰሌዳው ብዕሩን በትክክል የሚከተለው ምስሉ ሲገጠም ከነበረበት ቦታ ንቅንቅ ካላለ ብቻ ነው፤ ከተነቃነቀ ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን ምልክቶች በተራ እየነኩ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። ነፋሱ ደግሞ አስተካክለን ሳንጨርስ ይመለሳል።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ኤክስ 2፣ ዋይ 4 ላይ ነጥብ አድርጊ ብያት ስትነካ ቀለሙ ሌላ ቦታ ወጣ። ደግማ ነካችው፤ እዚያው። ልጆቹ «ቲቸር፣ ተበላሸ» ብለው ደብተር መክደን ጀመሩ። ልጅቷ ግን ከሰሌዳው አልራቀችም። ዝምተኛ ናት፤ የምትቀመጠው ኋላ ነው። ሌላ ነጥብ ነካች፣ ሦስተኛም ነካች፣ ቤቶቹን በጣቷ ቆጠረችና «ሁሉም እኩል ነው የሄደው። ሁለት ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ታች» አለች። ማስተካከያውን ልከፍት የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ። «እንግዲያው ፓራቦላው ራሱ እንዲህ ቢገፋ ፎርሙላው ምን ይሆናል?» አልኳቸው። ክፍለ ጊዜው በዚህ አለቀ፤ ኤክስ ሲቀነስ ሁለት በስኩዌር፣ ሲቀነስ አንድ የሚለው ላይ የደረሱት ተከራክረው ነው። ግራፍን ከቦታ ቦታ ማዛወር በመጽሐፉ ገና ወደፊት የሚመጣ ምዕራፍ ነበር።

በሌላ ቀን ነፋሱ ፕሮጀክተሩን ገፍቶ ብቻ ሳይሆን አዙሮትም ነበር። ያችው ልጅ ነጥቦቹን ሞክራ «ዛሬ እኩል አይደለም፤ ከላይ ብዙ ሄዷል፣ ከታች ትንሽ» አለች። ስለ መዞር ሂሳብ ጠየቀችኝ፤ እኔም ማታ መጽሐፍ ገልጬ መጣሁላት።

ይህ ሁሉ እየሆነ ሳለ አምፖሉ ተቃጠለ። መብራት ድንገት ሲሄድ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ አብሮ ይቆማል፤ የጋለው አምፖል ሳይቀዘቅዝ ይቀራል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ አንዳንዴ በኃይል ይመጣል፤ ስታብላይዘር የለንም። አንድ ቀን ጧ አለና ጨለመ። የመለዋወጫ በጀት ጠየቅን፤ በዕቅድ አልተያዘም ተባለ። ስለዚህ ቅዳሜ ወደ ቶጎ ውጫሌ ሄድኩ። በበርበራ ወደብ ገብቶ በሐርጌሳ በኩል የሚመጣው ኤሌክትሮኒክስ እዚያ ይገኛል። ባለሱቁ አምፖሉን አገላብጦ አየና «መዓሊን (መምህር)፣ ቴሌቪዥን ልስጥህ፣ ይህንን ማን ይገዛኛል?» አለኝ። ሆኖም ሐርጌሳ ደውሎ አስፈለገልኝ። ስጠብቅ ውዬ ያየሁት የገንዘብ ዘርዛሪዎቹን ልጆች ነው፤ ብርን በዶላር፣ ዶላርን በሶማሊላንድ ሺሊንግ፣ ወረቀት ሳይዙ ያባዛሉ። የውጫሌ ተማሪዎቼ ሬሾ የማይከብዳቸው ለምን እንደሆነ ገባኝ።

አምፖሉ በመጨረሻ መጣ፤ ይዤው ስመለስ ፍተሻ ላይ ተያዘ። ፈታሹ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ እያየ «መምህር፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። አስረዳሁት፤ ኃላፊው እስኪመጣ ጠብቅ አለ። መኪናው ሙሉ ሰው ከእኔ ጋር ፀሐይ ላይ ቆመ። አንዲት ሻንጣቸው ገና ያልተፈተሸላቸው እናት ናቸው ቀርበው «የልጆች ትምህርት ነው የሚለው፣ ልቀቀው ልጄ» ያሉት። ተለቀቀ። ትምህርት ቤት ደርሼ ስከፍተው ሶኬቱ ከእኛ ፕሮጀክተር ጋር አልገጠመም። ትክክለኛው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወሰነ ትምህርቱ አለቀ፤ እስከዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍን፣ ቢርካውንም ግቢው አፈር ላይ በእንጨት ሳልን።

ሰሌዳው ውጤት ይጨምር እንደሆነ የታየበት ጥናት አለ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለተገጠሙ እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት በሂሳብ፣ በእንግሊዝኛና በሳይንስ ውጤት ላይ ያመጡት ለውጥ አልታየም። መብራት የማይቆራረጥባት ለንደን እንዲህ ከሆነች፣ ሰሌዳ ስለተሰቀለ ብቻ ውጤት ይጨምራል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በእኛ አገር በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ ነበሩ። በዚህ ቁጥር ውስጥ የእኔ ልጆች አሉበት። እኔ የማምነው በዚያች ከሰሌዳው ባልራቀችው ልጅ ነው፤ እሷን ያስነሳት ነገሩ በእጇ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ስማርት ቦርድ የምትገዙ ሁሉ፣ በክልልም በእርዳታ ድርጅትም ያላችሁ፣ ልመናዬ ይኸው ነው። ሁለት ቦርድ ከምትገዙ አንድ ግዙና በቀረው ገንዘብ ሁለት መለዋወጫ አምፖል፣ አንድ ስታብላይዘርና ፕሮጀክተሩን ከጣሪያው ሳይሆን ከግድግዳው ጋር የሚያስር ብረት ግዙ። ለመምህሩም ትምህርቱን የሚያዘጋጅበት ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ ይያዝለት።